ከኋላ የሚያቃስተው ሲአርቪ፦ የዲፍረንሻል ዘይትን ቤት ውስጥ መቀየር

የሱፐርማርኬት ፓርኪንግ ውስጥ ቦታ ለመያዝ መሪውን ጥግ ድረስ ታጠመዝዛላችሁ። መኪናው ከኋላ ማቃሰት ይጀምራል። ወለሉ በስሱ ይንቀጠቀጣል። መሪው ሲቃና ድምፁ ጭጭ ይላል። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ኩሽኔታ ነው። ፍሬን ነው የሚልም አይጠፋም። መኪናው በአራቱም ጎማ የሚነዳ ሆንዳ ሲአርቪ ከሆነ ግን፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአንድ ሊትር ከምናምን ያረጀ የኋላ ዲፍረንሻል ዘይት ነው።

ይህን ዘይት መቀየር ከሞተር ዘይት ቅየራ አይከብድም። እንዲያውም ይቀላል። ፊልትሮ የለም፣ የሚፈታው ሁለት ቡሎን ብቻ ነው። አስቸጋሪው ሌላ ነው፦ የትኛው ዘይት እንደሚገባ ማወቅ። እዚህ ላይ "ዘይት ዘይት ነው" ያለ ሰው ዋጋውን በዲፍረንሻሉ ይከፍላል።

ለምሳሌ ሲአርቪን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በአሜሪካ ከዲሲ ዙሪያ እስከ ሚኒሶታ እሑድ እሑድ የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ብትቃኙ ከቶዮታዎቹ መሀል ሲአርቪ አታጡም። ደግሞም የኋላ ዲፍረንሻሉ ከብዙዎቹ የተለየ ጠባይ አለው። የእሱ ከገባችሁ የሌላው መኪና አያስቸግራችሁም።

ዲፍረንሻል ምን ይሠራል?

መኪና ሲታጠፍ ጎማዎቹ እኩል መንገድ አይሄዱም። የውጭኛው ሰፊ ቅስት ይዞራል፣ የውስጠኛው ጠባብ። በቁጥር እንየው። በግራና በቀኝ ጎማ መሀል ያለው ርቀት አንድ ሜትር ተኩል ነው እንበል። መስቀለኛ መንገድ ላይ 90 ዲግሪ ስትታጠፉ የውጭኛው ጎማ ከውስጠኛው 2 ሜትር ከ35 ሴንቲ ገደማ አብልጦ ይሄዳል። መታጠፊያው ጠበበም ሰፋም ልዩነቱ ያው ነው። ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ድፍን ብረት ቢያያዙ ኖሮ በእያንዳንዱ እጥፋት አንዱ አስፋልቱን እየፋቀ መጎተት ነበረበት። ዲፍረንሻል ጉልበቱን ለሁለቱም ይሰጣል፣ ፍጥነታቸውን ግን ለየራሳቸው ይተወዋል።

ሌላም ሥራ አለው። ከመኪናው ሥር ከፊት ወደ ኋላ በተዘረጋው ዘንግ፣ በካርዳን፣ የሚመጣው ዙር በመኪናው ርዝመት ነው የሚመጣው። የጎማው አክሲል ደግሞ በጎን ነው። ስለዚህ ዙሩ መታጠፍ አለበት። ይህን የሚያደርጉት ፒኞንና ኮሮና የሚባሉት ጥርሶች ናቸው። ትንሿ ጥርስ፣ ፒኞኗ፣ ከትልቁ ከኮሮናው መሀል ላይ አይደለም የምትገጥመው። ዝቅ ብላ ነው። በዚህ የተነሳ ጥርሶቹ ይገፋፋሉ ብቻ ሳይሆን አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተተ ያልፋል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በከባድ ጫና የሚንሸራተት ብረት ተራውን ዘይት ከመሀል ገፍቶ ያስወጣዋል። ከዚያ ብረት ከብረት ይገናኛል። ለዚህ ሲባል የዲፍረንሻል ዘይት ውስጥ የድኝና የፎስፈረስ ውህዶች ይጨመራሉ። ጥርሱ ሲግል ውህዶቹ ብረቱ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራሉ። የሚፋቀው ሽፋኑ እንጂ ብረቱ አይሆንም። አሮጌ የካምቢዮ ዘይት ሲፈስ አፍንጫ የሚሰብረው የበሰበሰ ዕንቁላል ሽታ ከዚሁ ድኝ የሚመጣ ነው። ልብስ ላይ ካረፈ ደግሞ በአንድ እጥበት አይለቅም፤ የምትወዱትን ሹራብ ለብሳችሁ አትግቡ።

ሆንዳ የጨመረው ነገር

ሲአርቪ በመሠረቱ የሚነዳው በፊት ጎማዎቹ ነው። የኋላዎቹ የሚያግዙት የፊቶቹ ሲያቅታቸው ነው። እስከ 2011 ሞዴል ድረስ "አሁን አግዙ" የሚለውን ትእዛዝ የሚሰጠው ኮምፒዩተር አልነበረም። ዘይቱ ራሱ ነበር።

የኋላ ዲፍረንሻሉ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ፓምፖች አሉ። አንዱ በካርዳኑ በኩል ከፊት ጎማዎች ጋር ይዞራል። ሌላው ከኋላ ጎማዎች ጋር። እኩል ሲዞሩ አንዱ የገፋውን ዘይት ሌላው ይቀበለዋል። ግፊት አይፈጠርም። የፊት ጎማዎች በረዶ ላይ ሲሽከረከሩ ግን የፊቱ ፓምፕ ይቀድማል። የተረፈው ዘይት መሄጃ ያጣል፣ ግፊት ይሆናል፣ ግፊቱም በላይ በላዩ የተደረደሩትን ስስ ክብ ሳህኖች፣ የፍሪሲዮን ሸራዎች የሚባሉትን፣ ያጣብቃል። ያኔ ካርዳኑ ከኋላ ጎማዎች ጋር ይያያዛል። መኪናው ከኋላም መገፋት ይጀምራል።

እንግዲህ ጠባብ ቦታ ላይ ስትዞሩ ምን እንደሚሆን አስቡት። በእጥፋት ጊዜ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ ይልቅ ሰፋ ያለ ቅስት ይሄዳሉ። ስለዚህ በረዶ ባይኖርም የፊቱ ፓምፕ በጥቂቱ ይቀድማል። ሸራዎቹ በስሱ ይነካካሉ። ዘይቱ ጤነኛ ከሆነ ለስለስ ብለው ይንሸራተታሉ፣ ምንም አትሰሙም። ዘይቱ ካረጀ ግን ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ ይላሉ። ይህ በሴኮንድ ብዙ ጊዜ ሲደጋገም ነው ማቃሰት ሆኖ የሚሰማው።

ከ2012 ሞዴል ጀምሮ ሆንዳ ውሳኔውን ለኮምፒዩተር፣ ግፊቱን ደግሞ በኤሌክትሪክ ለሚሠራ ፓምፕ ሰጥቷል። ሸራዎቹ ግን አሁንም እዚያው ዘይት ውስጥ ተነክረው ነው ያሉት።

ከዚህ የዘይቱን ጣጣ መረዳት ይቻላል። ፒኞንና ኮሮና የሚፈልጉት እንደ ልብ የሚያንሸራትት ዘይት ነው። ሸራዎቹ የሚፈልጉት ደግሞ የሚያስይዝ ዘይት ነው። ከመጠን በላይ ካንሸራተተ ፍሪሲዮኑ አይይዝም። ካላንሸራተተ ጥርሱ ያልቃል። አንድ ዘይት ሁለቱንም እንዲያስማማ ተብሎ ነው ለብቻው የተቀመመው።

የትኛው ዘይት?

የዘይቱ ስም ሆንዳ ዱዋል ፓምፕ ፍሉይድ ቱ ነው። ዲፒኤስኤፍ ተብሎም ይጠራል። ሆንዳ ሻጮች ዘንድ ይገኛል፣ ኦንላይንም ይታዘዛል።

የማይገባውን ደግሞ አንድ በአንድ ልበል። መለዋወጫ ሱቅ መደርደሪያ ላይ የሚታየው የተለመደው 75 ደብልዩ 90 የዲፍረንሻል ዘይት አይገባም። ለሌላው መኪና ምርጥ ሊሆን ይችላል፣ ለዚህ አይደለም። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትም አይገባም። ሆንዳ ራሱ ለፓይለት የሚሸጠው ቪቲኤም ፎር የሚባል ዘይት አለ፤ የሆንዳ ስም ስላለበት ብቻ ያንን አንስታችሁ እንዳትሄዱ። ሌሎች ፋብሪካዎች የሚሠሩት ተመጣጣኝ አለ። ጠርሙሱ ላይ ለዱዋል ፓምፕ ቱ እንደሚሆን በግልጽ ካልተጻፈ ግን እለፉት። "ለሁሉም መኪና ይሆናል" የሚል ጽሑፍ እኔን የሚያስደነግጠኝ እንጂ የሚያረጋጋኝ አይደለም።

መጠኑ እንደ ሞዴሉ ከ1 እስከ 1.2 ሊትር ገደማ ነው። አሜሪካ ውስጥ አንዱ ጠርሙስ 946 ሚሊ ሊትር ስለሚይዝ አንድ ጠርሙስ አይበቃም። ሁለት ግዙ። መሀል ላይ "ትንሽ ጎደለኝ" ብሎ ከመኪና ሥር ወጥቶ ሱቅ መሄድ አይቻልም፤ መኪናው ራሱ ነዋ ያለ ዘይት የቆመው።

መኪናችሁ ሲአርቪ ካልሆነ ነገሩ ይቀላል፣ ግን ያው ጥያቄ አለ። ከ2006 እስከ 2018 ሞዴል ባለው፣ ሃይብሪድ ባልሆነው ራቭፎር የማያያዣው ፍሪሲዮን ከዲፍረንሻሉ ፊት ለብቻው ታሽጎ ነው የተቀመጠው። ስለዚህ ዲፍረንሻሉ ጂኤል 5 የተባለውን ደረጃ የሚያሟላ መደበኛ ዘይት ይወስዳል። ቅጥነቱ በየዘመኑ ሞዴል ስለሚለያይ የመኪናውን መመሪያ ማየት ነው። ራቭፎር ፊት ለፊት ደግሞ ትራንስፈር የሚባል ሌላ ክፍል አለው፤ የራሱ ዘይት ስላለው አትርሱት። ሱባሩ ያላችሁ በተለይ ፊት ለፊት ተጠንቀቁ። የፊቱ ዲፍረንሻል ከካምቢዮው ጋር አንድ አካል ውስጥ ነው ያለው። ሰዎች ሳያውቁ የካምቢዮውን ዘይት አፍስሰው ይጨርሱና ዲፍረንሻሉን በላዩ ላይ ይሞሉታል። ላንድክሩዘርና ሃይሉክስ ላይ አብዛኛው ቡሎን የሚፈታው በ24 ቁልፍ ነው፤ ሥራውም ቦታ ያለው፣ ለእጅ የሚመች ነው።

አዲስ አበባ ለሚያነቡኝ አንድ ነገር ልጨምር። ኢትዮጵያ ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክላለች። ያለው ራቭፎርና ቪታራ እንግዲህ ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግል ነው። ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ ዘይት ስትገዙ ማሸጊያው ያልተነካ፣ የተመረተበት ቀን የታተመበት መሆኑን እዩ፣ ደረሰኝም ጠይቁ። ከበርሜል እየተቀዳ በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጥ ዘይት ምን እንደሆነ ከሻጩ በቀር የሚያውቅ የለም። አንዳንዴ ሻጩም አያውቅም።

መቼ?

በአዳዲሶቹ ሆንዳዎች ዳሽቦርዱ ላይ የጥገና ማሳሰቢያ ይወጣል። ኤ ወይም ቢ ከሚለው ፊደል ጎን ቁጥር 6 ካያችሁ የኋላ ዲፍረንሻል ዘይት ይቀየር ማለት ነው። ብዙ ሰው ፊደሉን ብቻ አይቶ የሞተር ዘይት ያስቀይራል፣ ቁጥሯን ያልፋታል፣ ማሳሰቢያውም ይጠፋል። ከዓመት በኋላ ድምፁ ይመጣል።

ከባድ ነገር የሚጎትት፣ ተራራማ መንገድ ላይ በዝግታ የሚሄድ ወይም ቀኑን ሙሉ በከተማ ውስጥ ሲታጠፍ የሚውል መኪና ቶሎ ይፈልገዋል። ኡበር የምትሠሩ ይህ እናንተን ነው። መኪናውን ሁለተኛ እጅ ከገዛችሁና የቀድሞው ባለቤት "ሁሉንም አስደርጌዋለሁ" ከማለት በቀር ወረቀት ካላሳየ፣ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት። የዘይቱ ዋጋ ከአንድ ነዳጅ ሙሌት አይበልጥም።

ሥራው

መሣሪያው ብዙ አይደለም። የሲአርቪው ሁለቱም ቡሎኖች መሀላቸው ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አላቸው። የ3/8 ኢንች ራቼት ጫፍ ያለ ምንም ተጨማሪ ቁልፍ ቀጥታ ይገባበታል። ከዚህ ሌላ ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ጉልበት የሚለካ ቁልፍ)፣ ሁለት አዲስ የአልሙኒየም ሮንዴላ፣ አሮጌ ሳፋ፣ ጓንት፣ እራፊ ጨርቅ፣ እና ጠርሙሱ ላይ የሚገጠም የእጅ ፓምፕ ያስፈልጋል። ፓምፕ ከሌለ ረዘም ያለ የፕላስቲክ ቱቦ ይሠራል። ቱቦውን ጠርሙሱ አፍ ላይ አጥብቆ፣ በኋላ ጎማው በላይ አሳልፎ፣ ከላይ ጠርሙሱን መጭመቅ ነው። ትልልቆቹ የመለዋወጫ ሱቆች፣ ለምሳሌ ኦቶዞን፣ መሣሪያ በማስያዣ ያውሳሉ። ስትመልሱ ብሩ ይመለሳል። አፓርትመንት የምትኖሩ ደግሞ ውላችሁን አንብቡ፤ ፓርኪንግ ላይ መኪና መጠገን የሚከለክሉ ብዙ ናቸው። ጓሮ ያለው ዘመድ ቤት መሄድ ይሻላል። ቡናም አይጠፋም።

መጀመሪያ መኪናውን አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ንዱት። የሞቀ ዘይት ቶሎ ይፈሳል፣ የተንሳፈፈውን ቆሻሻም ይዞ ይወጣል። ግን ማርሚታው እዚያው አጠገብ ነው ያለው፤ እስኪበርድ ትንሽ ጠብቁ። ክርን ያቃጥላል።

መኪናው ደልዳላ ቦታ ይቁም። ይህን የምለው ለአደጋው ብቻ አይደለም። የዘይቱ ልክ የሚታወቀው በመሙያው ቀዳዳ ከፍታ ነው። መኪናው ከኋላ ብቻ ከፍ ካለ ልኩ ይዛባል። ቀጠን ያለ ሰው ሲአርቪ ሥር ሳያነሣው ሊገባ ይችላል። ካልሆነ አራቱንም ማዕዘን በእኩል ከፍታ አንስቶ ስታንድ ላይ ማሳረፍ ነው። ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር አንገታችሁን አታስገቡ፣ "ለአንድ ደቂቃ ነው" ቢሆንም። ከጎማው ሥር ድንጋይ ወይም ጣውላ ማስገባትም አይረሳ።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ከሁለቱ ቡሎኖች መጀመሪያ የሚፈታው ላይኛው፣ መሙያው ነው። ታችኛው አይነካም። ለምን? መሙያው ዝጎ ሊሆን ይችላል። ታችኛውን ከፍታችሁ ዘይቱን በሙሉ ካፈሰሳችሁ በኋላ ላይኛው እምቢ ቢል፣ መኪናው ግቢያችሁ ውስጥ ያለ ዘይት ተገትሮ ይቀራል። ላይኛው እምቢ ካለ ግን ምንም አልጠፋም፤ መሣሪያውን ሰብስባችሁ በዚያው ዘይት ወደ ጋራዥ ትነዳላችሁ።

ክረምቱን መንገድ ላይ ጨው በሚበተንበት አገር፣ ሚኒሶታን በመሳሰለው፣ ይህ ቡሎን ድርቅ ብሎ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ከዋዜማው ዝገት የሚያላቅቅ ስፕሬይ ንፉበት። አራት ማዕዘኑ ቀዳዳ ውስጥ የተጠራቀመውን ጭቃ በምስማር ጫፍ ጠርጉ። ራቼቱ እስከ መጨረሻው ካልገባ ቀዳዳውን ይበላዋል፣ ከተበላ በኋላ ደግሞ የብየዳ ሥራ ነው። ራቼቱ በትክክል መግባቱን ካያችሁ በኋላ በመዶሻ አንድ ሁለቴ ቀለል አድርጋችሁ ምቱት። ከዚያ ረጅም እጀታ አስገብታችሁ በዝግታ፣ ሳትነጥቁ፣ ጫኑ። ሲላቀቅ "ቃ" የሚል ድምፅ ያሰማል። ብዙዎቻችን ሰበርነው ብለን የምንደነግጠው ያኔ ነው።

ላይኛው ከተፈታ በኋላ ሳፋውን አስጠግታችሁ ታችኛውን ፍቱ። መጨረሻ ላይ በጣት እየዞረ ሲወጣ ወደ ላይ ገፋ አድርጋችሁ ያዙት፣ አለበለዚያ ሳፋው ውስጥ ይወድቃል። ዘይቱ መጀመሪያ ወደ ጎን ተወንጭፎ ነው የሚወጣው፤ ሳፋውን ትንሽ አርቁት። ጠብታ እስኪሆን ተዉት።

ቡሎኑ የሚናገረው

እየተንጠባጠበ ሳለ የታችኛውን ቡሎን ጫፍ እዩት። ማግኔት አለበት። ዲፍረንሻል ፊልትሮ ስለሌለው የሚፋቀውን ብረት የሚሰበስበው ይህ ብቻ ነው። ማግኔቱ ላይ ኩል የመሰለ ጥቁር ግራጫ ልቁጥ ታገኛላችሁ። በጣታችሁ አሹት። የላመ ከሆነ፣ ጣት ላይ የማይኮሰኩስ ከሆነ፣ ጤነኛ ነው። ለዓመታት የተፋቀ ጥርስ የሚያወጣው ነው። የሚያብለጨልጭ ስባሪ፣ በጥፍር የሚያዝ ፍንጣሪ ካለ ግን ውስጥ የተሰበረ ነገር አለ። ያኔ አዲስ ዘይት መድኃኒት አይሆንም።

ዘይቱንም እዩት። አዲሱ ጥርት ያለ ነው። አሮጌው ቢጠቁር አይግረማችሁ። ወተት የተቀላቀለበት ከመሰለ ውኃ ገብቷል። ጎርፍ ያቋረጠ መኪና ላይ ይህ ይታያል። የጋለው ዲፍረንሻል ድንገት ውኃ ውስጥ ሲገባ ይቀዘቅዝና በአየር መተንፈሻው በኩል ውኃውን ይስባል። እንዲህ ከሆነ አዲሱን ሞልታችሁ፣ ጥቂት ነድታችሁ፣ እንደገና ማፍሰስ ይሻላል።

የፈሰሰውን ልክ ባለው ባዶ ጠርሙስ ለኩት። ከሊትር በብዙ ካነሰ የሆነ ቦታ ያንጠባጥባል ማለት ነው። አክሲሎቹ የሚገቡበትንና ካርዳኑ የሚያያዝበትን ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያሽገውን ጎማ) በባትሪ አብርታችሁ ተመልከቱ፤ ዘይት የነካው አቧራ ሊጥ ሠርቶ ይታያል።

ማግኔቱን ጠርጉ። አዲስ ሮንዴላ አግቡ። አልሙኒየሙ ሲጠብቅ ተጨፍልቆ ነው የሚያሽገው፣ ስለዚህ አንዴ የተጨፈለቀው ሁለተኛ አይታመንም። ቡሎኑን መጀመሪያ በእጅ አዙራችሁ አስገቡ። ከዚያ በቶርክ ሬንች 47 ኒውተን ሜትር፣ በአሜሪካ ልክ 35 ፉት ፓውንድ። የዲፍረንሻሉ አካል አልሙኒየም ነው። ባላችሁ ጉልበት "ይጥበቅ" ካላችሁት ጥርሱን ትልጡታላችሁ።

አሁን በመሙያው ቀዳዳ ፓምፑን አስገብታችሁ ሙሉ። ዘይቱ ከቀዳዳው ከንፈር ላይ መልሶ ሲፈስ ሞልቷል። የተረፈው ፈሶ ሲያበቃ ክደኑ፣ በዚያው ልክ አጥብቁ። አካሉን በጨርቅ ጥርግ አድርጉት። በማግስቱ ከሥሩ ካርቶን ላይ ጠብታ ካለ በቀላሉ እንድታውቁ ነው።

ከዚያ በኋላ

ሲአርቪ ላይ ሥራው መሙላት ላይ አያልቅም። በሸራዎቹ መሀል የቀረ አሮጌ ዘይት አለ። ሰው የሌለበት ሰፊ ፓርኪንግ ፈልጉ። መሪውን ጥግ ድረስ አዙራችሁ በዝግታ ወደ ግራ ጥቂት ዙር፣ ወደ ቀኝ ጥቂት ዙር ዙሩ። ስምንት ቁጥር እየሠራችሁ መዞርም ያው ነው። ጥበቃው ግራ ገብቶት ሊመጣ ይችላል፣ በትሕትና አስረዱት። ዙሩ አዲሱን ዘይት ሸራዎቹ መሀል ያስገባዋል። ድምፁ ብዙ ጊዜ እዚያው ይጠፋል። ትንሽ ከቀረ ጥቂት ቀን ነድታችሁ አንዴ ድገሙት።

አሮጌውን ዘይት አዲሱ በመጣበት ባዶ ጠርሙስ ሞልታችሁ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ውሰዱት። ኦቶዞንና ኦራይሊ በነፃ ይቀበላሉ። ፍሪዞ ወይም ቤንዚን የተቀላቀለበት ግን አይወስዱም። አገር ቤት የተቃጠለ ዘይት ለአጥር እንጨት ምስጥ መከላከያ ተብሎ ሲቀባ አይተናል። ከዚያ ላይ ዝናብ አጥቦ ወደ ጉድጓድ ውኃ ይወስደዋል፣ ስለዚህ አልመክረውም።

ስለ ጎማ አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ዘይቱን በከንቱ ቀየራችሁ። ፊት ለፊት ሁለት አዲስ ጎማ፣ ከኋላ ሁለት ያለቀ ጎማ ከገጠማችሁ፣ ዙሪያቸው ስለማይስተካከል ቀጥታ መንገድ ላይ እንኳ የፊትና የኋላ ፍጥነት ይለያያል። ሸራዎቹ አያርፉም። ዘይቱ ይቃጠላል። ሱባሩ በጎማዎቹ ዙሪያ መሀል ከሩብ ኢንች፣ ማለትም ከ6 ሚሊ ሜትር ከምናምን በላይ ልዩነት እንዳይኖር ይመክራል። በአራቱም ጎማ ለሚነዳ መኪና ሁሉ መልካም ልክ ነው። ጎሚስታው "ሁለቱ ይበቁሃል" ቢልም አራቱን በአንድ ላይ ቀይሩ፣ በየጊዜውም ፊትና ኋላ እያለዋወጣችሁ ንዱ።

ሁለት ጊዜ ቀይራችሁም ድምፁ ካልጠፋ ምንጩን መለየት ነው። በዝግታ ስትታጠፉ ብቻ የሚመጣ ማቃሰት የሸራዎቹ ነው፤ አልቀዋል ማለት ነው። ቀጥ ባለ አውራ ጎዳና ላይ ከፍጥነቱ ጋር እየጨመረ የሚመጣ፣ መሪውን በትንሹ ወደ አንድ ወገን ስትሉ የሚቀያየር ጉምጉምታ ግን የጎማ ኩሽኔታ ነው። ነዳጅ ስትረግጡ የሚያፏጭ፣ ስትለቁ የሚቀየር ድምፅ ደግሞ ወደ ፒኞንና ኮሮና ይጠቁማል። ጋራዥ ስትሄዱ "ከኋላ ይጮኻል" ብቻ አትበሉ። በስንት ፍጥነት፣ ሲታጠፍ ወይስ ቀጥታ፣ ነዳጅ ተረግጦ ወይስ ተለቆ እንደሆነ ንገሩት፣ የገባውንም ዘይት ስም ጨምሩለት።